ባ እና ቦ በሐጂ ሙዘይን ሱቅ

ባለፈው ዓርብ ቡታጅራ ገበያ መሐል አንድ ወጣት ነጋዴ ቦንዳ ሲፈታ ደረስኩበት። ቦንዳ የምለው ያው ከባሕር ማዶ ተጨምቆና ታስሮ የሚመጣውን የሰልባጅ ልብስ ነው። ልጁ የብረት ማሰሪያውን በጉጠት በጠሰው፤ ስንት ወር ተጨፍልቆ የኖረው ኮትና ሹራብ ቀስ እያለ ተነሣ፤ ከውስጡም ያ ሽታ ወጣ። የብል መድኃኒት፣ የሰው አገር ሳሙና፣ ትንሽ ሻጋታ። እግሬ እምቢ አለኝና ቆምኩ። ልጁ ገዢ መስየው "ፋዘር፣ አሪፍ ኮት አለኝ፤ ላውጣልዎት?" አለኝ። ኮት አልፈልግም አልኩት። "ታዲያ ምን ፈልገው ነው የቆሙት?" አለኝ። በዚህ ሽታ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ጢሙን እያሻሸ የሚያወራኝ ሰው ከሞተ ቆይቷል።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ቁጥር ላይ ድሮም ደካማ ነኝ። ደርግ ወድቆ አዲሶቹ ገብተው፣ "ክልል" እና "ዞን" የሚሉት ቃላት አፋችን ላይ ገና እንደ አዲስ ጫማ ይቆረቁሩን የነበረበት፣ ስብሰባ የበዛበት ጊዜ ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም የጠየቀ ሻይ ቤት በሌባነት ይታማል። የገጠሩ ሰው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፣ የከተማው ጎረምሳ ደግሞ ከሰልባጅ የመረጠውን ጂንስ በፍም በተሞላ ትኩስ ካውያ ተኩሶ አውቶቡስ ተራ ላይ ይቆማል። ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ነበሩ፤ አንዱ የፍቅር ዘፈን ሲያስጮህ ሌላው የጉራግኛ ጭፈራ ይለቅበታል፤ መሐል ላይ የሚያልፍ ሰው አንዱ እግሩ ይተክዛል አንዱ ይዘላል። የኔ ሱቅ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ገበያው ሲወረድ በስተግራ ነበር። ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ሥጋ ቤቱን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ፋርማሲውን፣ የወፍጮ ቤቱን ታፔላ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከተማው በኔ ፊደል ይነበብ ነበር ብል ጉራ አይሆንብኝም። ዛሬ ሁሉም በኮምፒውተር ተሠርቶ በፕላስቲክ ታትሞ ይሰቀላል፤ ነፋስ ሲመታው እየተንጣጣ ሰው ያደነቁራል፤ ፊደሉም ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ይመስላል። ይኸው እያማረርኩ ነው። ሽማግሌ ሲያማርር ደግሞ ሰሚ አይጠፋም እንጂ የሚያዳምጥ የለም።

ከኔ ሱቅ ቀጥሎ የሐጂ ሙዘይን የቦንዳ ሱቅ ነበር። ሐጂ የመስቃን ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ኮፊያቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፍተው የሚያደርጉ። መፋቂያ ከአፋቸው አይጠፋም። የሚሸጡትን ቦንዳ ዓይነት ሳይፈቱት ከክብደቱና ከሽታው ብቻ "ይኼ የብርድ አገር ነው፣ ይኼ የልጆች ነው" ብለው ይለዩታል። ቁርኣን ይቀራሉ፤ የኛን ፊደል ግን አያነቡም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ገበያ ነው እያሉ እንዳመለጡ ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩን ነበር። እኔ ደግሞ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ በኛ ቤት ሳቅ የሚፈቀደው ከጸሎት በኋላ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቁጣም ምክርም ያገኘሁት ከሐጂ ነበር። ሱቃቸው ውስጥ በሩ ጥግ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ገዢውም ሥራ ፈቱም እሱ ላይ ተቀምጦ በሐጂ ሒሳብ ሻይ ይጠጣል።

በዚያ ዘመን ነው ሚስ ዩኪ የመጣችው። ጃፓናዊት ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ልታስተምር በበጎ ፈቃድ የተላከች፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ዣንጥላ የማይለያት። ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሲከተሏት ትቆምና "ጃፓን ነኝ። ደህና ዋላችሁ?" ትላቸዋለች፤ ልጆቹ ያፍራሉ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ለሒሳብ ክበብ ታፔላ ልታጽፍ መጣች። ብሩሼን ስይዝ ትኩር ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ መጽሐፍ በነጠላ ጠቅልላ ተመለሰች።

መጽሐፉ የሥዕል ነበር። ደብዳቤ እያነበበች ከንፈሯን የነከሰች ሴት፤ በበረዶ ውስጥ የቆመ ሰው፣ በረዶው ባዶ ወረቀት ሆኖ የተተወ፤ ዝናብ ደግሞ ፀጉር በሚያክል ቀጭን መስመር። እኔ በብሩሽ እንኳ የማልሞክረውን መስመር እነሱ በእንጨት ላይ በቢላ ቀርጸው በወረቀት ያተሙት ነው። ሚስ ዩኪ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳችኝ። ድሮ በሷ አገር ሰው የፍቅር ልብ ወለድ ሲገዛ፣ መጽሐፉን ገለጥ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያገኘው እንዲህ ያለ የታጠፈ ሥዕል ነው። አንዱ ይሥላል፣ ሌላው ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ያትማል። "ሰው ሥዕል አይቶ መጽሐፍ ይገዛል" አለችኝ። "አሁን መጽሐፉን ማንም አያነብም። ሥዕሉን ሁሉም ይወዳል።"

"የቀረጸውስ ሰው? ስሙ የት ነው የተጻፈው?" አልኳት።

ገጹን አገላብጣ ፈለገች። "ሠዓሊው አለ። ቀራጩ... ብዙ ጊዜ የለም።"

ይህ ነገር ልቤን ነካው። የታፔላ ጸሐፊ ስምም ታፔላው ላይ አይጻፍም። በዚያው ቀን ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እንጨት መረጥን። ወይራ ቢላ ያደንዛል፤ ዋንዛ ሽንቁሩ ይበዛል፤ በመጨረሻ ዝግባ እሺ አለን። መቅረጫ ከየት ይምጣ? የተሰበረ ዣንጥላ ዘንጎችን ጫፍ ሞረድኩ፤ ዘንጉ በተፈጥሮው ቦይ አለውና እንጨቱን እንደ ቅቤ ያነሳዋል። ለማተም በአገሯ በቀርከሃ ቅጠል የተሸፈነ ክብ ነገር ይጠቀማሉ፤ እኛ ጋ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተካነው። ወረቀቱን ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ ዘርግቶ ጀርባውን በዚያ የእንሰት ቅጠል ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ነው። ሚስ ዩኪ የእንሰቱን ልስላሴ አይታ ለእናቷ በደብዳቤ ጻፈችላት። ከሁሉ የከበደኝ ግን መገልበጡ ነበር። በስስ ወረቀት የሳልከውን በፊቱ ደፍተህ እንጨቱ ላይ ትለጥፋለህ፤ ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ይታይሃል፤ እንደዚያው አድርገህ ትቀርጻለህ፤ ሲታተም ይቃናል። "ዓይንህን አትመን። ወረቀቱን እመን" ትለኝ ነበር። ሦስት ወር ያህል ይህን አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ነገረችኝ፤ እኔም ሰማሁ፤ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ያኔ ተካልኝ የሚባል ታይፒስት ጓደኛ ነበረኝ። ቀን የክስ ማመልከቻ ይተይባል፣ በትርፍ ሰዓቱ ልብ ወለድ ይጽፋል። ጽሑፉን በስቴንስል እያባዛ፣ በስቴፕለር እየመታ፣ በሁለት ብር ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር፤ ልጃገረዶች ከደብተር ውስጥ ደብቀው ያነቡታል። ያን ጊዜ የጻፈው ከቦንዳ የገዛችው ኮት ኪስ ውስጥ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ስላገኘች አንዲት የቡታጅራ ልጅ ነው። የጃፓኖቹን ሥዕል ሳሳየው ከወንበሩ ተነሣ። "ማቴዎስ፣ ለኔም እንዲህ ያለ የፊት ሥዕል ሥራልኝ! አዲስ አበባ ያሉትን ጸሐፊዎች ጉድ እንሠራቸዋለን!" አለ። እሺ አልኩ። ልጅቷ ኮቱን ይዛ፣ ነጋዴው ቦንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ከጀርባው ታፔላ፤ ታፔላው ላይ "ቦንዳ"። ነጋዴውን ከማን ልሳል? ከሐጂ ሙዘይን ነዋ።

ሐጂ ሁለት ቀን ሙሉ ቦንዳ ላይ ተቀመጡልኝ። "አፍንጫዬን አታስረዝም፤ አላህ የሰጠኝ ይበቃኛል" እያሉ። መጀመሪያ ተስተካክሎ የታተመውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው፤ ሌላው በሙሉ ገና ተካልኝ ዘንድ ለጥራዝ ይጠብቅ ነበር። ሐጂ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን ወጡ። ዓይናቸው እንባ አዘለ። ቤት ሊሰቅሉት ፈልገው ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብለው ከለከሏቸው። ስለዚህ አናጢ ዘንድ ወስደው በመስታወትና በእንጨት አስገጠሙትና ሱቃቸው ውስጥ፣ ከአግዳሚው ወንበር በላይ፣ የገባ የወጣው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀሉት።

እኔ በዚያ ሳምንት በአንድ ሆቴል ታፔላ ተጠምጄ አልሄድኩም። በአምስተኛው ቀን ሻይ ልጠጣ ጎራ አልኩ። ወንበሩ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሲያየኝ ጥቅሻ ጣለብኝና ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ "እጅህ ደፋር ነው ጃል! እኛ ስንት ዓመት ያልተናገርነውን" አለኝ። ምን እያለ እንደሆነ አልገባኝም። ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ። ፊታቸው ያምራል፤ ጢማቸው ያምራል። ከራሳቸው በላይ ያለው ታፔላ ላይ ግን በኔ ውብ ፊደል "ባንዳ" ተብሎ ተጽፏል።

የጨበጥኩት የሻይ ብርጭቆ እጄን ሲያቃጥለኝ እንኳ አላስቀመጥኩትም።

እንዴት እንደተሳሳትኩ እዚያው ቆሜ ገባኝ። ቦ ግራ እግሯ ይረዝማል፤ ባ ቀኝ እግሯ። አንዷ የሌላዋ የመስታወት መልክ ናት። ን ሲገለበጥ ፊደል አይመስልም፤ ስለዚህ እጅ ዝም ብሎ ይከተለዋል። ቦ ሲገለበጥ ግን ራሷን የቻለች ባ ሆና ቁጭ ትላለች። ያን ቀን ዳን እና ንን ቀርጬ እንደጨረስኩ አንድ ፀጉር አስተካካይ መጥቶ አስቸኳይ ታፔላ አጻፈኝ። ዓይኔ ወደ ቀናው ፊደል ተመለሰ። ወደ እንጨቱ ስመለስ "ቦንዳ" መሆን ያለበት ቦታ ላይ ባ ቆማ አገኘኋት፤ "እንኳን አየሁሽ!" ብዬ በእርሳስ አርሜ ቦ አድርጌ ቀረጽኳት። ስትታተም ባ ሆነች። ትክክሉን አርሜ አጠፋሁት ማለት ነው። ስናትም ደግሞ እኔም ተካልኝም ያየነው ፊታቸውን ነው፤ ፊደሉን ያነበብነው መሆን የሚገባውን በልባችን ይዘን ነው። ሚስ ዩኪ አማርኛ ማንበብ ገና ሀ ሁ ላይ ነበረች።

ለሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ሆኖ ባለፈ ነበር። ባንዳ ያኔ ቀላል ቃል አልነበረም፤ ስብሰባ ላይ አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ሲፈልግ የሚወረውረው ቃል ነው። ለሐጂ ደግሞ ከዚያም ይከፋል። እናቴ አንድ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ነገር ነበር። የሐጂ አባት በጣሊያን ጊዜ ከጣሊያን ጋር ሄዷል ይባላል። ማንም ፊት ለፊት አይናገረውም፤ ግን ማንም አልረሳውም። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ በልጁ በሐጂ ራስ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በትልቁ ጻፍኩት። ከተማው ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሎታል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሐጂ ከሥሩ ተቀምጠው የገባውን ሁሉ "እዩልኝ፣ ልጄ ነው የሠራው" ማለታቸው ነው።

"ሐጂ፣ ሥዕሉን ለአንድ ቀን ይስጡኝ። ቫርኒሽ ልቀባው" አልኳቸው።

"አይነሳም!" አሉ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው። "ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የቆሼ አማቾቼ ይመጣሉ። የፈቲያን ነገር ሊጨርሱ ነው። ይህን ነው መጀመሪያ የማሳያቸው። እንዲያውም አንተም ትኖራለህ።"

ፈቲያ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ከጎረቤታችን ከቆሼ ከተማ የሚመጣው ቤተሰብ የተከበረ ነው፤ የሚያገባት ልጅ አባት በጃንሆይ ጊዜ ተምረው በጽሕፈት ሥራ ያረጁ፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እኝህ ሰው ዓርብ መጥተው ያንን ታፔላ ያነቡታል። በሰው ፊት ጮክ ብለው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ሮጬ ተካልኝ ጋ ሄድኩ። የቀሩትን አወጣናቸው፤ ሁሉም ያው ነው፤ ባንዳ፣ ባንዳ፣ ባንዳ። ተካልኝ ፊቱ አመድ መሰለ። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። አቃጥለን እንጀምር" አለ። እንጨቱን ግን ማዳን ይቻል ነበር። ሚስ ዩኪ የሷ አገር ቀራጮች ሲሳሳቱ የተበላሸችውን ቦታ ቦርቡረው ሌላ እንጨት ሰክተው እንደገና እንደሚቀርጹ ነግራኝ ነበር። የተሳሳተችውን ፊደል ፈልፍዬ አወጣኋት፤ የጥርስ ያህል ዝግባ ሰካሁና ቀረጽኩ፤ አሁን ወረቀቱን አመንኩ። ረቡዕና ሐሙስ ስናትም ዋልን። በሙሉ ቦንዳ ሆነ። የቀረችው ባንዳ አንድ ናት፤ እሷም ግድግዳ ላይ ናት፤ በአዲሷ እንዳልተካት ደግሞ ሐጂ ጥጓ ላይ በዓረብኛ ስማቸውን ጽፈውባታል።

"ለምን አትነግራቸውም?" አለኝ ተካልኝ ቀለም የነካ እጁን እየጠረገ። "ስህተት ነው በላቸው።"

"ምን ብዬ? 'ሐጂ፣ ራስዎ ላይ ባንዳ ብዬ ጽፌብዎታለሁ' ልበል?"

"አዎ።"

"ቃሉን በፊታቸው ማውጣት አልችልም። ካወጣሁት ደግሞ የአባታቸውን ወሬ እንደማውቅ ያውቃሉ።"

ተካልኝ ትከሻውን ነቀነቀ። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ነገር በንግግር የሚፈታ ይመስለዋል ብዬ በልቤ ተናደድኩበት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ሐሙስ እንቅልፍ አልያዘኝም። ሐጂ ቢጣሉኝስ እያልኩ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ አባቱን ሊያጣ እንደሆነ ልጅ አለቀስኩ።

በኛ ሰፈር አንድ ልማድ ነበር። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት የሐጂን ሱቅ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እሁድ እኔ ቸርች ስሄድ ደግሞ እሳቸው ወንበራቸውን ወደኔ በር አዙረው ይቀመጣሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ አደራ የሚል ቃል በመሐላችን ወጥቶ አያውቅም። ያን ዓርብም ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ወጡ። "ማቴ፣ ያዝልኝ" አሉና ሄዱ። ኪሴ ውስጥ ምላጭ፣ ጉጠት፣ ትንሽ ብሩሽና ቀለም ነበር።

ገበያው እላዬ ላይ ይጮሃል። ከመስጊዱ ድምጽ ማጉያ ኹጥባው ይሰማል። በስንት ዓርብ ለምጄዋለሁ፤ ስብከቱ ሲያበቃ ሶላቱ ይጀመራል፤ ሶላቱ ሁለት ረከዓ ነው፤ ከዚያ ሰው ይወጣል። አግዳሚው ወንበር ላይ ወጣሁና ሥዕሉን አወረድኩ። ከቦንዳዎቹ ጀርባ ተንበረከኩ። ምስማሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ የመጀመሪያው እሺ አለ፣ ሁለተኛው አንገቱ ተቆረጠ። መስታወቱ ጥግ ላይ ቀጭን ሰንጥቅ አወጣ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"ባለ ሱቅ! ይሄ ሹራብ ስንት ነው?" አለች አንዲት ሴት ከበሩ።

"አሥራ ሁለት" አልኳት ሳልነሳ።

"ስምንት አድርግልኝ።"

"ውሰጂው!"

"ምን ሆነሃል? ቀዳዳ አለው እንዴ?" ብላ ሹራቡን ወደ ፀሐይ አውጥታ ታገላብጠው ጀመር። በገበያ ቶሎ እሺ ያለ ሰው ይጠረጠራል። ተነሥቼ፣ በአንድ እጄ ምላጭ ይዤ፣ አሥር ብር ላይ ተከራክሬ ሸጥኩላት። ስትወጣ ኹጥባው አብቅቶ ነበር።

የባን ቀኝ እግር በምላጩ ጫፍ ፋቅሁ። ቀስ፣ ቀስ። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ጠጥቶ ገብቷል፤ ብዙ ሲፋቅ ወረቀቱ ሳሳ፤ ብርሃን አሳለፈ። ከጀርባው የጥፍር ታህል ወረቀት ለጠፍኩበት። ግራ እግሯን በብሩሽ አስረዘምኩ። በድምጽ ማጉያው "አላሁ አክበር" ሲል ቸኮልኩና ቀለሙ ትንሽ ወፍራም ሆነ። ሁለተኛው ረከዓ። መስታወቱን መለስኩ፤ ምስማሩን በጉጠቱ ጀርባ መታሁ። ሰቀልኩት። ከወንበሩ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ ነጭ ጀለቢያዎች ከመንገዱ ታጠፉ።

"አሰላሙ አለይኩም!" ሐጂ ከፊት፣ አማቾቻቸው ከኋላ። ሦስት ሽማግሌዎች። መነጽር ያደረጉት መሐል ናቸው። ልብስ ሰፊውም ሥራውን ትቶ ከበሩ ቆመ፤ ሊመጣ ያለውን ሊያይ እንደመጣ ከፊቱ አነበብኩት። ሻይ ታዘዘ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ሥዕሉ ዘረጉ።

"ይህን ልጄ ነው የሠራው። ማቴ ነው። ከራሴ በላይ ያለውን ጽሑፍ እስቲ ያንብቡልኝ፤ እኔ መሃይም ነኝ።"

ባለመነጽሩ ሽማግሌ ተነሡ። አንገታቸውን አስግገው ጠጋ አሉ። የተፋቀችው እግር ጥላዋ አልጠፋም ነበር፤ ከቅርብ ይታያል። "ባ..." አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። "አይ... ቦ ናት። ቦንዳ። ቦንዳ ይላል" አሉና ሳቁ። "ማሻአላህ። ፊደሉም ሰውዬውም ያምራሉ!"

ሁሉም ሳቀ። ሻይ ተጠጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ልብስ ሰፊው ሥዕሉን ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ግራ ተጋብቶ ሄደ። አንዱ ቦንዳ ላይ ተቀመጥኩ። አመሰገንኩ፤ በሆዴ መዝሙር ጀመርኩ።

እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። ሥዕሉን አዩት። ከዚያ እኔን።

"ጥሩ አድርገህ አቃንተኸዋል" አሉኝ።

ምላጩ ያለበትን ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ።

"ፈቲያ ናት ያነበበችልኝ። የሰቀልኩ ዕለት። ማንበብ አልችልም እንጂ መጠየቅ አልችልም እንዴ ማቴ?"

"ሐጂ፣ በእግዚአብሔር፣ ስህተት ነው። ፊደሉ ሲገለበጥ..."

"ስህተት መሆኑንማ አውቃለሁ። ልብህን አሳድጌዋለሁ፤ አውቀዋለሁ።" ቁጭ አሉ፤ የተበተኑ ሸሚዞች ማጠፍ ጀመሩ። "አባቴ ሦስት በቅሎ ነበረው። ጣሊያን በቅሎዎቹን ወሰደ፤ አባቴ በቅሎዎቹን ተከትሎ ሄደ። ያለነሱ ቤተሰቡ እንደማይበላ ያውቃላ። አንዷን እንኳ ይዞ አልተመለሰም፤ ይህን ስም ነው ይዞ የተመለሰው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቢጠይቀኝ ይህን ልነግረው ዝግጁ ነኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከኋላዬ ነው የሚያወሩት። ያ ጽሑፍ ሲወጣ፣ እሺ አልኩ። አሁን አንዱ መጥቶ ይነግረኛል፤ አማቾቼም ቢያነቡት እውነቱን እነግራቸው ነበር። ልብስ ሰፊው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ሥጋ ቤቱ ጠጥቶ ሄደ። እኔ ግን አንተን ነበር የምጠብቀው። ማቴ መጥቶ 'ሐጂ፣ እንዲህ ሆኗል' ይለኛል አልኩ።" አንድ ሸሚዝ አጥፈው ሌላ አነሡ። "አንተ ምላጭ ይዘህ መጣህ።"

ይቅርታ አልኳቸው። "አውፍ ብያለሁ" አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። ሠርጉ ላይ ከአማቾቻቸው ጎን አስቀመጡኝ፤ በእጃቸው አጎረሱኝ። ሚስ ዩኪ አገሯ ስትገባ ሽኝቷን ያደረግነው በሳቸው ሱቅ ነው። ተካልኝ መጽሐፉን ሸጦ ጨረሰ። ሐጂ እስኪሞቱ ድረስ እሁድ እሁድ ወንበራቸውን ወደኔ በር ማዞራቸውን አላቆሙም። ዓርብ ግን፣ ከዚያች ቀን በኋላ፣ ወደ ጁምዓ ሲሄዱ ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር።